መኪናው ቢስት ወዴት ይሄዳል?

የመኪና ውድድር ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው መንገዱን በእግሬ እሄደዋለሁ። በአንድ እጄ ኖራ የተሞላ ቆርቆሮ፣ በሌላው ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው አሽከርካሪው የሚያየውን ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን አሽከርካሪው ሊሄድበት ያላሰበውን ቦታ ነው። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ እቆምና ራሴን እጠይቃለሁ፤ መኪናው እዚህ ላይ መንገዱን ቢስት ወዴት ይሄዳል? መልሱን መሬቱ ላይ በኖራ አሰምረዋለሁ። መስመሩ በሚያልፍበትና በሚያርፍበት ቦታ በማግስቱ ማንም አይቆምም። 19 ዓመት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው።

አስተናባሪ ነኝ፤ በራሊም (መኪኖች በተራ መንገድ ላይ አንድ በአንድ እየተነሱ የሚወዳደሩበት ነው) በትራክ ውድድርም ባንዲራና ፊሽካ ይዘው መንገድ ዳር ከሚቆሙት አንዱ። ኋላ ላይ የመንገድ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ይህን የምጽፈው ውድድር ለማዘጋጀት ለምታስቡ፣ ለምትወዳደሩና ዳር ቆማችሁ ለምታዩ ነው። ብዙ ሰው ከሚጎዳበት ቦታ እጀምራለሁ፤ እሱም መኪናው ውስጥ አይደለም።

ኖራው የሚሰመርበት ቦታ

በፍጥነት የሚታጠፍ መኪና መሬቱ ከለቀቀው ወደ ኩርባው ውጭ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ከኩርባው ውጭ አይቆምም። ይህን ለማወቅ አስተናባሪ መሆን አያስፈልግም። ሰው የማያስበው ሁለተኛውን ነገር ነው። መኪናው ወደ ውጭ መንሸራተት ሲጀምር አሽከርካሪው መሪውን በተቃራኒው አቅጣጫ ይጠመዝዛል፤ ጎማዎቹ ድንገት መሬቱን ሲይዙ መኪናው እንደ ጅራፍ ተመልሶ ወደ ኩርባው ውስጥ ይወረወራል።

ይህን በሥራው በ4ኛ ዓመቴ በገዛ ስህተቴ ተማርኩ። ረጅም የግራ ኩርባ ነበር። ውጭውን በሙሉ ዘጋሁና ሰዎቹን በውስጥ በኩል፣ ከመንገዱ አራት እርምጃ ያህል አርቄ፣ ከፊታቸው ቀይና ነጭ ጥብጣብ ዘርግቼ አቆምኳቸው። በሥራዬም ረክቼ ነበር። 7ኛዋ መኪና መጣች። የኋላ ጎማዋ በመንገዱ ውጫዊ ጠርዝ ላይ የተከመረውን አፈር መታና አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረች። ድምፁን አላስታውስም። የማስታውሰው ጥብጣቡ በጎን መስተዋቷ ላይ ተጠምጥሞ ሲውለበለብ፣ የአንዲት ሴት ጃንጥላ ደግሞ ከፊት ጎማው ሥር እጀታው ብቻ ብቅ ብሎ ነው። ሴትየዋ ከኮፈኑ አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች። እጇ ጃንጥላ እንደያዘ ሰው አሁንም ወደ ላይ ተሰቅሏል። አልሸሸችም፤ ለመሸሽ ጊዜ አልነበራትም። ማንም አልተጎዳም፤ መኪናዋን ያቆማት ግን የእኔ ጥብጣብ ሳይሆን ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኖራዬ በኩርባው በሁለቱም ወገን ይሰመራል። ሰው የማላስቆምባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ድንገት ቁልቁል የሚወርድበት ጉብታ አንዱ ነው፤ መኪናው አየር ላይ ሳለ መሪም ፍሬንም አይሠራለትም፤ ሲያርፍ ደግሞ አራቱ ጎማዎች እኩል መሬት ላይነኩ ይችላሉ። ስለዚህ የምዘጋው የሚዘልበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ካረፈበት በኋላ ያለውን ረጅም ርቀት ነው። ሌላው መስቀለኛ መንገድ ነው። መኪናው ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲኖርበት ቀጥ ብሎ የሚሄደው መንገድ ፍሬን ያልያዘለት አሽከርካሪ ማምለጫ ነው፤ ተመልካች ግን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱን ነው፤ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መኪናው ፊት ለፊት ይታያል። ፊት ለፊት የሚታይ መኪና ፊት ለፊት ይመጣል። ሦስተኛው የረጅም ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ነው። ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ሁሉ አደገኛ ነው፤ ፍሬን ከፈረሰ የሚፈርሰው እዚያው ነውና።

«መኪናው ሲመጣ እዘልላለሁ» የሚለኝ ሰው በየውድድሩ አይጠፋም። ለእሱ ሒሳብ አለኝ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ሰው አይቶ፣ ተረድቶ፣ እግሩን እስኪያነሳ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት መኪናው 40 ሜትር ተጉዟል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ መኪናው የያዘው ጉልበት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 የሚገጭ መኪና ከ39 ሜትር ከፍታ እንደተለቀቀ ያህል ነው። በ200 ከሆነ ከፍታውን በአራት አባዙት።

ከርቀት ይልቅ ከፍታ ይሻላል

ሜዳ ላይ 20 ሜትር ከመራቅ ከመንገዱ በላይ ያለ ገደል አፋፍ ላይ መቆምን እመርጣለሁ። መንገዱን የሳተ መኪና፣ የተፈነቀለ ድንጋይ፣ የወለቀ ጎማ ሁሉም ቁልቁል ይቀናቸዋል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ እግራችሁ ያረፈበት መሬት ከመኪናው ጣሪያ በላይ ይሁን። የአፋፉ ፊት ግን ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ተዳፋት ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ የአፈር ክምር መኪናን አያቆምም፤ ያስፈነጥረዋል።

ይህን ዓለም የተማረው በ1955 በፈረንሳይ ለ ማን ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰኔ ወር ላይ፣ 24 ሰዓት በሚፈጀው ውድድር፣ ማይክ ሆውቶርን ወደ ጥገና መቆሚያው ለመግባት ፍሬን ያዘ፤ ከኋላው የነበረው ላንስ ማክሊን እሱን ለመሸሽ ወደ መሃል ወጣ፤ የፒየር ለቬ መርሰዲስ የማክሊንን መኪና ከኋላ ወጣችበትና በረረች። በተመልካቹና በመንገዱ መካከል የነበረው የአፈር ክምር ላይ ስትከሰከስ ሞተሯና የፊት አካሏ ተገንጥሎ ሕዝቡ መካከል ገባ። ለቬን ጨምሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። አካሏ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለነበር እሳቱን በውሃ ለማጥፋት ሲሞከር ይብስ ነደደ። ስዊዘርላንድ ከዚያ በኋላ የትራክ ውድድርን በአገሯ ከልክላ ለአሥርት ዓመታት ቆየች። ስለ ለ ማን ሲወራ ብዙ ሰው የሚከራከረው ጥፋቱ የማን አሽከርካሪ ነው በሚለው ላይ ነው። እኔ የማየው መንገዱን ነው። ወደ ጥገና የሚገቡ መኪኖችና በሙሉ ፍጥነት የሚያልፉት ሳይለያዩ በጠባብ መንገድ ላይ፣ ሕዝቡ ከአፈር ክምር ጀርባ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ኖራ ይዞ የሄደ ሰው ቢኖር መስመሩ የት እንደሚያርፍ ያየው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጣሊያን ውስጥ ሚሌ ሚሊያ በሚባለው የጎዳና ላይ ውድድር የአልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ፌራሪ ጎማ ፈነዳ። እሱና ረዳቱ፣ ከመንገድ ዳርም 9 ተመልካቾች ሞቱ፤ አምስቱ ልጆች ነበሩ። ቀጥታ መንገድ ላይ ነበር። ቀጥታ መንገድ ደህና ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

ጥብጣብ መኪና አያቆምም

ጥብጣብ የሚያቆመው ሰውን ነው፤ እሱንም ከፈለገ ነው። በጀማሪነቴ የማጠፋው ጥፋት የተከለከለውን ቦታ ብቻ ማጠር ነበር። «እዚህ አይቆምም» የተባለ ሕዝብ የራሱን ቦታ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ካሰብኩት የባሰውን ነው። አሁን ከሁሉ በፊት የምፈልገው ጥሩ ቦታ ነው። ከፍ ያለ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኩርባ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ፣ ከኋላው መውጫ መንገድ ያለው። እሱን በአረንጓዴ ጥብጣብ አመለክታለሁ፤ ወደዚያ የሚወስደውንም የእግር መንገድ አብሬ። ከዚያ በኋላ ነው የተከለከለውን በቀይ የማጥረው። ደህና ዕይታ ያለው ሰው አይንቀሳቀስም። ዕይታ የሌለው ሰው ግን በየ10 ደቂቃው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሲመጣም አይታወቀውም።

ሕዝብን ለማዘዝ ጩኸት አይበጅም። መጀመሪያ የማነጋግረው ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያለውን ነው። «አባባ፣ እነዚህን ልጆች ከዚህች ድንጋይ አያሳልፉልኝ» ካልኩት በኋላ ከእኔ የበለጠ አስተናባሪ እሱ ነው። ልጅ ያለች እናት ስትነሳ ደግሞ ሌላውም ይነሳል። አልሰማ ካሉ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ውድድሩ አይጀመርም። ይህ ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይሆን ውድድሩን የማስቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። በራሊ ከመጀመሪያው ተወዳዳሪ በፊት ሦስት ዜሮ፣ ሁለት ዜሮና ዜሮ ቁጥር የለጠፉ መኪኖች በየተራ የሚያልፉት ለዚሁ ነው። ዜሮዋ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ያልተረጋጋ ሕዝብ ካየ «አይጀመር» ማለት ይችላል፤ ሲልም አይቻለሁ። አዘጋጁ ገንዘቡ አሳዝኖት፣ ተወዳዳሪው ተናዶ፣ ተመልካቹ ሰድቦን ወደ ቤታችን ሄደናል። ያ ቀን ከደህና ቀኖቼ አንዱ ነው።

በ1986 የፖርቱጋል ራሊ ላይ ማንም «አይጀመር» አላለም። በዚያን ዘመን ቡድን ቢ የሚባሉት መኪኖች እጅግ ኃይለኞች ነበሩ፤ ሕዝቡ ደግሞ መንገዱ መሃል ቆሞ መኪናው ሲደርስ ከፈል ይል ነበር፤ የሚያልፈውን መኪና በእጅ መንካትም እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር። የዮአኪም ሳንቶስ ፎርድ ሕዝቡ መካከል ገባችና 3 ሰዎች ሞቱ፤ ከ30 በላይ ቆሰሉ። ታላላቆቹ አሽከርካሪዎች በአንድነት ውድድሩን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ በኮርሲካ ሞቱ፤ እነዚያ መኪኖችም ከ1987 ጀምሮ ታገዱ። መኪኖቹ መታገዳቸው ተገቢ ነበር። ሕዝቡ ከመንገዱ ላይ እንዲነሳ ማድረግ ግን ከዚያ በላይ ዓመታት ፈጀ።

አስተናባሪው ራሱ

ለእኛ ለአስተናባሪዎች የመጀመሪያው ሕግ ጀርባን ለመጪ መኪና አለመስጠት ነው። ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ ሥራውን ይሠራል፣ ሌላው መንገዱን ያያል፤ የሚያየው ሰው ሌላ ሥራ የለውም፣ ቆሻሻም አያነሳም። ሁለተኛው ሕግ ከኃላፊው ፈቃድ ሳይሰጥ መንገድ አለማቋረጥ ነው። በ1977 በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ አንድ የ19 ዓመት ወጣት አስተናባሪ የምትጨስ መኪና አይቶ እሳት ማጥፊያውን ተሸክሞ ትራኩን ለማቋረጥ ሮጠ። ከጉብታው ጀርባ የመጣው ቶም ፕራይስ ሊያየው አልቻለም። ወጣቱ ሞተ፤ ማጥፊያው የፕራይስን ራስ መትቶ እሱንም ገደለው። የምትጨሰዋ መኪና አሽከርካሪ ግን ምንም አልሆነም።

ይህን ለአዲስ ምልምሎች ስነግር ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «ታዲያ ሰው ሲቃጠል ዝም ብዬ ልይ?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። በ1973 በኔዘርላንድስ ዛንድቮርት ሮጀር ዊሊያምሰን በተገለበጠች የምትነድ መኪና ውስጥ ሳለ ሊያወጣው የታገለው ሌላ ተወዳዳሪ ዴቪድ ፐርሊ ብቻ ነበር። አስተናባሪዎቹ እሳት የሚከላከል ልብስ አልነበራቸውም፤ መቅረብ አልቻሉም። ስለዚህ መልሴ ሥራው ከውድድሩ ቀን በፊት ይጠናቀቅ የሚል ነው፤ ልብሱ ይኑር፣ ማጥፊያው መንገድ ሳይቋረጥ በሁለቱም ወገን ይቀመጥ፣ ባንዲራው ይውለብለብ፣ መኪኖቹ ይዘግዩ፣ ከዚያ ግቡ።

ባንዲራው የሚውለበለበው አደጋው ካለበት ቦታ ቀደም ብሎ ነው፤ አደጋው አጠገብ የሚውለበለብ ባንዲራ ለመጪው አሽከርካሪ ዜና እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ቢጫ ሲሆን ቀስ ይበል፣ አይቅደም። ሁለት ቢጫ ሲሆን ለመቆም ይዘጋጅ። ቀይ ሲሆን ውድድሩ ቆሟል። ሬዲዮ ስትይዙ ደግሞ አምስት ነገር በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፤ የቆማችሁበትን ቁጥር፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ሰዎቹ መውጣት አለመውጣታቸውን፣ እሳት መኖር አለመኖሩን፣ መንገዱ መዘጋት አለመዘጋቱን። የቀረው ሁሉ ኋላ ይደርሳል። በድንጋጤ የሚናገር ሰው መጀመሪያ የሚናገረው «አምላኬ!» ነው፤ ከዚያ ዝም ይላል። ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች በካርድ ጽፌ ከሬዲዮው ጀርባ እለጥፋቸዋለሁ።

የመኪና ማንሻ ማሽን መኪኖች በፍጥነት እየሄዱ ወደ ትራክ አይገባም። በ2014 በጃፓን ሱዙካ በዝናብ ሌላ መኪና እየተነሳ ሳለ ዡል ቢያንኪ ተንሸራቶ ከማንሻው ሥር ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ሞተ። በፎርሙላ ዋን ከ2015 ጀምሮ ሁሉንም መኪኖች በአንድ ጊዜ የሚያዘገየው በሬዲዮና በመብራት የሚሰጥ ትእዛዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት በሌለበት ትንሽ ውድድር መፍትሔው ቀይ ባንዲራ ነው። ውድድሩ 10 ደቂቃ ቢዘገይ ምን ይሆናል?

አሽከርካሪው ከመነሻው በፊት

መነሻ መስመር ላይ የማደርገው አንድ ልማድ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከትከሻ ቀበቶው ሥር ለማስገባት እሞክራለሁ። ሁለት ጣት እንደልብ ከገባ ላልቷል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ተወዳዳሪ ቀበቶውን ሆዱ ላይ አስሮ አገኘሁት፤ «ጋሼ፣ ሲጠብቅ ያመኛል» አለኝ። የወገብ ቀበቶ ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው። ሆድ ላይ ከሆነ በግጭት ጊዜ የሚይዘው አጥንት ሳይሆን አንጀት ነው። አስፈታሁት፣ አስተካከልኩለት፤ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ፤ እስከ ዛሬም ሲያገኘኝ ያቺን ደቂቃ ያነሳብኛል።

ቀበቶው፣ የራስ ቁሩና ቱታው ላይ የጥራት ደረጃውን የሚገልጽ ምልክት አለ፤ ቀበቶው ላይ ደግሞ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ዓመት። ጊዜው ያለፈበት ቀበቶ ዓይን ሲያየው አዲስ ይመስላል፤ ክሩን ፀሐይና ላብ ከውስጥ ጨርሰውታል። ከሰው የተገዛ የራስ ቁርን በተመለከተ አቋሜ የማይናወጥ ነው፤ አትግዙ። ከጠረጴዛ ወድቆ እንደሆነ ማን ይነግራችኋል? ከቱታው ሥር ናይለን አትልበሱ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

አንገትን ስለሚይዘው ሃንስ ስለሚባለው መሣሪያ ትንሽ ልቆይ፤ ተወዳዳሪዎች ከሁሉ የሚያማርሩት በእሱ ነውና። ሰውነት በቀበቶ ታስሯል፤ ራስ ግን ከነቁሩ ነፃ ነው። መኪናው ድንገት ሲቆም ራስ መሄዱን ይቀጥላል፤ የሚይዘው አንገት ብቻ ይሆናል፤ የራስ ቅል ሥርም ይሰበራል። ሮበርት ሃባርድ የተባለ አሜሪካዊ የሰውነት እንቅስቃሴ ተመራማሪ ከአሽከርካሪው ጂም ዳውኒንግ ጋር የሠራው ይህ የትከሻ ቀንበር ራስን ከሰውነት ጋር አብሮ ያዘገየዋል። ለዓመታት ግን ፈላጊ አጥቶ ቆየ፤ ይከብዳል፣ ይቆረቁራል፣ ይኮሰኩሳል ተባለ። በየካቲት 2001 አሜሪካ ዴይቶና ላይ ታዋቂው ተወዳዳሪ ዴል አርንሃርት ግድግዳ ገጭቶ በራስ ቅል ሥር ስብራት ሲሞት ነገሩ ተለወጠ። ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት በዚያው ዓመት የራስና የአንገት መያዣን ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ ዋን በ2003። ሃሎ የሚባለው ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ያለው የታይታኒየም ቀስትም በ2018 ሲገባ «አስቀያሚ ነው» ብለው ያላገጡበት ብዙ ነበሩ። በኅዳር 2020 ባህሬን ላይ ሮማን ግሮዣን በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር የብረት አጥር ሰንጥቆ ገባ፤ መኪናው ለሁለት ተከፈለ፣ ነደደ። ሃሎው ብረቱን ከራሱ ላይ መልሶለት ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በራሱ እግር ወጣ። ከዚህ ቀደም ሃሎን ሲቃወም የነበረው እሱ ራሱ ነበር።

ከመኪናው መውጣትን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ቀበቶውን ፍቱ፣ መሪውን ንቀሉ፣ በሩን ፈልጉ፤ በጭስ ውስጥ ዓይን የለም። ጋቢና ውስጥ ያልታሰረ ነገር አይኑር። በከባድ ግጭት አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ወደ 50 ኪሎ የሚከብድ ነገር ሆኖ ይወረወራል። እሳት ማጥፊያው ራሱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሳይሆን በብረትና በብሎን ይታሰር።

በራሊ ከመንገድ ከወጣችሁ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከመኪናው ቢያንስ 50 ሜትር ቀደም አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ካርዱን አሳዩ፤ ደህና ከሆናችሁ አረንጓዴውን «ኦኬ»፣ ሐኪም ካስፈለገ ቀዩን «ኤስኦኤስ»። ምንም ካላሳያችሁ ከኋላ የመጣው ተወዳዳሪ የከፋውን ገምቶ ይቆማል፤ መቆምም አለበት።

አምቡላንሱ

በ1978 ጣሊያን ሞንዛ ላይ የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው ሮኒ ፒተርሰን ሲጎዳ የሕክምና እርዳታው ዘገየ፤ በማግስቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሲድ ዋትኪንስ በመጀመሪያው ዙር ሐኪም የያዘ መኪና ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ እንዲከተል አደረገ። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ፈጣን መኪና፣ አንድ ሐኪም። ትንሽ ውድድር ላይም ይቻላል።

አምቡላንሱ በውድድሩ አቅጣጫ እንዲነዳ ሆኖ ይቁም፤ በተቃራኒው የሚሄድ አምቡላንስ ሁለተኛ አደጋ ነው። በሽተኛ ይዞ ከሄደ ተተኪው እስኪመጣ ውድድሩ ይቁም። ሆስፒታሉ ደግሞ ከቀኑ በፊት ይነገረው። ሌላው የማላልፈው ነገር ቁልፉን ነው። አንድ ጊዜ ለልምምድ «አምቡላንስ ተንቀሳቀስ» ብዬ ብጠራ አልተንቀሳቀሰም። ሾፌሩ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ኩርባው ላይ መኪና ሊያይ ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አምቡላንሱን ሳላስታውቅ እጠራዋለሁ፤ ሰዓት ይዤ።

ዳር ለቆመው

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት መውጫችሁን እወቁ። መኪናው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ፊታችሁን አዙሩ፤ አትቀመጡ፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ አውልቁ፤ ራሊ ላይ ከዓይን በፊት የሚያየው ጆሮ ነው። የልጅ እጅ ይያዝ። በስልክ እየቀረጻችሁ ከሆነ በስክሪኑ አትመሩ፤ ስክሪኑ መኪናውን ከእውነቱ ያርቀዋል፤ ቀና ስትሉ እዚያው ነው። በትራክ ላይ አጥሩን አትደገፉ፣ ጣታችሁንም አታስገቡበት። አጥሩም ሁሉን አይመልስም፤ አሜሪካ ውስጥ በ1998 ሚሺጋን፣ በ1999 ሻርሎት ከአጥር በላይ በበረሩ ጎማዎች ሦስት ሦስት ተመልካቾች ሞተዋል። ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው ጠንካራ ገመድ አሁን አደጋውን ቀንሶታል፤ አላጠፋውም።

መኪኖቹ አለቁ ብላችሁ ወደ መንገዱ አትውረዱ። የዘገየ ተወዳዳሪ ሊኖር ይችላል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ኋላ የምታልፈውን የመዝጊያ መኪና ካላያችሁ መንገዱ አልተከፈተም።

አሁን ደግሞ በየውድድሩ የሚያጣላኝ ነገር። መኪና ሲገለበጥ 20 ሰው ሮጦ ይሄድና በእግሩ ሊያቆመው ይገፋል። በበጎ ልብ ነው። ነገር ግን ውስጥ ያሉት ሰዎች ቀበቷቸው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንገታቸው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የፈሰሰ ቤንዚን ደግሞ የጋለ ብረት ላይ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው፤ ሁለት ሰው ወደ ኋላ፣ መኪኖቹ ወደሚመጡበት፣ ከመንገዱ ውጭ ሆኖ ይሩጥና ቀጣዩን ያስጠንቅቅ። አንዱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ትሰማኛለህ?» ይበል። ከመለሰ አታንቀሳቅሱት፤ አናግሩት። እሳት ከሌለ ማንም ሰው በእጁ አይጎትተው። እሳት ካለ ሕጉ ይገለበጣል፤ እንደምንም አውጡት።

ማጥፊያ ከያዛችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲነፍስ ሆናችሁ ቁሙ፣ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን ምቱ። ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ አትክፈቱ፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይነሳል። ነበልባል አለማየት ደግሞ እሳት የለም ማለት አይደለም። ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ነዳጅ በቀን ብርሃን ሲነድ አይታይም፤ በ1981 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተወዳዳሪው ሪክ ሚርስ ነዳጅ ሲሞላ ተቃጥሎ ሲወራጭ ዙሪያው ያሉት ሰዎች ምን እንደነካው መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። ባትሪ ያለውን የውድድር መኪና ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው።

በማግስቱ

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለው ቀን መንገዱን እንደገና በእግሬ እሄደዋለሁ። የጎማውን ዱካ ከኖራዬ ጋር አስተያያለሁ፤ መስመሬ የት እንደተሳሳተ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ጊዜ 41 መስመር አስምሬ ነበር። መኪና የወጣው በሦስቱ ላይ ነው፤ ሁለቱ ካሰብኩት ርቀው ሄደዋል። አራተኛዋ መኪና የወጣችው ግን ምንም ባላሰመርኩበት ቀጥታ መንገድ ላይ ነው፤ ቀደም ያለችው መኪና ከኩርባው ውስጥ የፈነቀለችው የጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ መሃል መንገድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዱካው ወደ ግራ ወጥቶ፣ ቦዩን ዘልሎ፣ አንድ የግራር ግንድ ሥር ይቆማል። ግንዱ ሥር የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ተዘርግቷል። እዚያ ተቀምጦ የነበረው ሰው መቼ እንደተነሳ ማወቅ አልቻልኩም፤ ደብተሬ ላይ «ከኩርባ በኋላ ያለ ቀጥታ፣ 60 እርምጃ፣ በሁለቱም ወገን» ብዬ ጻፍኩ።